ለደምሴ የተነበበው ወረቀት

ያን ዓመት በጋው ክፉ ነበር። ጎንደር ሐምሌ ሲባል ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፤ የባሕር ጠረፍ ከተማዋ አሽቀሎን ግን ሐምሌ ሲገባ አስፋልቱ ከእግር ሥር ይለሰልሳል፣ የልብስ ማስጫው ሽቦ እጅ ይለበልባል። በዚያ ላይ ባሕሩ ሜዱዛ አመጣ። ሜዱዛ የሚያሙለጨልጭ፣ አጥንት የሌለው፣ ሲነኩት እንደ ሳማ የሚያቃጥል የባሕር ፍጥረት ነው፤ ማዕበሉ በክምር በክምር እያመጣ አሸዋው ላይ ደፋው። ልጆች ውኃ እንዳይገቡ ተከለከሉ። የራማት ኤሽኮል ሰፈር ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ ቬንቲላተሩን ከፍቶ፣ እርስ በርሱ ሲነጫነጭ ከረመ። ኦርታል ያን ጊዜ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ዛሬም ያን በጋ ስታስበው ቀድሞ የሚመጣባት ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ የአባቷ ዝምታ።

አባቷ ደምሴ ሥራ ከፈታ አምስት ወሩ ነበር። ይህ ሰው በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት በሱዳን በኩል ሲወጣ፣ ገና በዐሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ከወገራ የተነሣ ሠላሳ ሰው ከኋላው ይከተለው ነበር፤ ውኃው የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነበራ። አሽቀሎን ገብቶ ዐሥራ አራት ዓመት በአንድ የብረት ፋብሪካ ሠራ። ፋብሪካው ሲዘጋ ቤት ዋለ። ሚስቱ አባይነሽ ትምህርት ቤት ታጸዳ ስለነበር ዕብራይስጡንም፣ ሰዉንም፣ አውቶቡሱንም ለመደች። እሱ ወንበሩን ለመደ።

ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢዋ ኦርታል ነበረች። ከኤሌክትሪክም ይምጣ፣ ከሐኪም ቤትም ይምጣ፣ ከትምህርት ቤትም ይምጣ፣ እሷ ታነባለች፤ ደምሴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። አስተማሪዋ «ኦርታል ትረብሻለች» ልትለው ባስጠራችው ቀን እንኳ አስተርጓሚዋ ራሷ ኦርታል ነበረች።

«ጎበዝ ነች ትልሃለች» አለችው።

እሱም ለአስተማሪዋ እጅ ነሥቶ፣ ደስ ብሎት ወጣ። ልጅቱ ያን ቀን አንድ ነገር ገባት፤ በዚህ አገር አባቷ የሚያውቀው እሷ የነገረችውን ያህል ብቻ ነው።

በዚያ በጋ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባይነሽ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ መንገድ የመጥረግ ሥራ አግኝታልሃለች» አለችው።

«እኔ? መንገድ?»

«እኔ የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ ክብሬ የት ሄደ? ወይስ ክብር የተሰጠው ላንተ ብቻ ነው?»

«ልጆቹ ይሰማሉ።»

«ይስሙ! ወንበሩ እንኳ መሮታል፤ ተነሥልኝ እያለህ ነው!»

ደምሴ በጥፊ መታት። ከማቀዝቀዣው ጋር ተጋጭታ ከንፈሯ ደማ። የአምስት ዓመቱ ሳጊ ጮኸ፣ ከታች ያለ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ሰው ሁሉ በየበረንዳው ወጥቶ እያየ፣ ሠላሳ ሰው ያስከተለው ደምሴ በሁለት ጎረምሳ ፖሊሶች መካከል ሆኖ ደረጃውን ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ኦርታል ዳቦ ገዝታ ስትመለስ፣ ከሕንጻው ሥር፣ የፖስታ ሣጥኖቹ ጋ ቆሞ አገኘችው። ጢሙ አድጓል። ሸሚዙ ያው የዚያን ቀኑ ነው።

«ኦርታልዬ፣ ነይ እስቲ። ይቺን አንብቢልኝ።»

ወረቀቱ ጻቭ ሃርኻቃ የሚሉት፣ ሰውን ከቤቱ የሚያርቅ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር። ዳኛው ፊት ብዙ ተነግሮታል፤ እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ዕብራይስጥ የያዘው «ቤት» እና «ክልክል» የሚሉትን ብቻ ነው። ትእዛዙ ለሦስት ወር ይላል። ሦስት የሚለው በፊደል እንጂ በቁጥር አልተጻፈም። ኦርታል አነበበችው፤ ገባት። ግን የእናቷ ያበጠ ከንፈር ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

«ምን ይላል?»

«እንዳትመጣ ይላል።»

«እስከ መቼ?»

«ለሁልጊዜ።»

ደምሴ ግድግዳውን ተደገፈ። «እስቲ ደግመሽ አንብቢው። ቀስ ብለሽ።»

ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች፣ እንደ ትምህርት ቤት አነበበች። «ለሁልጊዜ ይላል፣ አባዬ። ቤትም፣ አሽቀሎንም።»

«ሳጊንም እንዳላይ?»

«ሳጊንም።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ከዚያ ራሷን ዳበሳት። «ጎበዝ» አላት። «ዕብራይስጥሽ ጥሩ ሆኗል።»

ልታስፈራራው ብቻ ነበር፤ ለአንድ ሌሊት ያህል። ነገ እዚያው የፖስታ ሣጥኖቹ ጋ ስታገኘው እውነቱን ልትነግረው ነበር። ነገ አልነበረም። ከነገ ወዲያም አልነበረም።

ሦስት ወሩ ያለቀ ለት አባይነሽ ቤቱን ጠርጋ፣ ሻሿን አሳምራ አስራ ተቀመጠች። ባል ሲያጠፋ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ወጉ ነው፤ እሷም ያንን ነበር የምትጠብቀው። ደረጃ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ጆሮዋን ትጥላለች። ኦርታል አጠገቧ ተቀምጣ የሂሳብ የቤት ሥራ ትሠራ ነበር። ቃሉ እስከ ጥርሷ መጥቶ ተመለሰ። ሲመሻሽ አባይነሽ ሻሿን ፈታችና «በቃ» አለች። «አባታችሁ ጥሎን ሄዷል። ከእንግዲህ ስሙን እንዳልሰማ።»

ኦርታልም ዋጠችው። አንዴ የተዋጠ ነገር በማግስቱ ይበልጥ ይከብዳል፤ በዓመቱ ደግሞ አፍ የለውም።

ዋጋውን የከፈለው ሳጊ ነው። በልጅነቱ ለጓደኞቹ «አባቴ ካፒቴን ነው፤ መርከብ ላይ ነው» ይል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ማሪና ወርዶ፣ ጀልባ የሚታሰርበት ጋ ቆሞ፣ የሚገቡትን ሰዎች ፊት እያየ ይውላል። ዶር የሚባል የክፍል ጓደኛው «አባትህ ካፒቴን ሳይሆን ሽፍታ ነው፤ እናቴ በፖሊስ ሲወሰድ አይታዋለች» ብሎ ሳቀበት። ሳጊ አፍንጫውን ሰበረው። ከዚያ ወዲህ ስለ መርከብ አላወራም። ጦር ሠራዊት ገብቶ ሦስቴ ጠፋ፣ ሁለቴ ወታደር እስር ቤት ተቀመጠ። ሰው ይለየኛል ብሎ በጠረጠረ ቁጥር ቀድሞ እሱ ይሄዳል፤ ያፊት የምትባለውን፣ ያቺን የረጋች ልጅ እንኳ ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ጥሏት ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

ኦርታል ደግሞ ሥራዋ መጋሼሬት ሆነ፤ በሐኪምና ከአገር ቤት በመጣ ሽማግሌ መካከል ተቀምጣ የምታስረዳ። የመጣላትን ደብዳቤ ሁሉ፣ የቀጠሮ ወረቀት እንኳ ብትሆን፣ አንዴ አንብባ አትተውም። ቃል በቃል ሁለቴ ታነባለች። አሮጊቶቹ «ኦርታል ሁለቴ» ብለው ይቀልዱባታል። «ልጄ፣ የደም ምርመራ ነው፤ ኦሪት አይደለም» ይሏታል። ትስቅና ደግማ ታነባለች። እስከ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ባል አላገባችም። ሰው ሲቀርባት አንድ የምትነግረው ነገር እንዳለ ይሰማታል፤ ከመንገር ደግሞ መራቅ ይቀላታል።

እንዲህ እያለ ሳጊና ያፊት ሊጋቡ ቆረጡ። ሁለቱም የኛው፣ ከጎንደር የመጣን ሰዎች ልጆች ናቸውና ሽማግሌ ተቀመጠ። ዘር ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ፣ የማይገናኙ መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ነው ምርቃት የሚሰጠው። ከያፊት በኩል የመጡት አባባ ቸሬ፣ የአያቷ ወንድም ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸው ባርኔጣቸው የማይጣመም ሰው። አባይነሽ የራሷን ወገን ያለ አንድ ስህተት ቆጠረች። ከዚያ የደምሴን ልትጀምር ስትል አባባ ቸሬ ከዘራቸውን አነሡ።

«ይብቃሽ ወይዘሮ አባይነሽ። የአባት ወገን ከአባት አፍ ነው።»

«አባት የለውማ።»

«ሞቷል?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያው አለው። እኛም ወገራ ዘመድ አለን፤ በድፍኑ አንባርክም። እስከ መጪው ዓርብ አግኙት። ካልተገኘ ነገሩ ይቆያል።»

ሳጊ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ዳይ፣ በቃ! በየትኛው ዘመን ነው የምትኖሩት? ኤን ሊ አባ፤ አባት የለኝም! በሱ አፍ የሚቆም ሠርግ ከሆነ ይቅር!»

በሩን ወርውሮት ወጣ። ያፊት ለኦርታል ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይኸው ጀመረ» አለች። «አሁን ከሄደ፣ ኦርታል፣ ሦስተኛውን አልጠብቀውም። አቅም የለኝም።»

ኦርታል በማግስቱ ወደ አክስቷ ወደ ጌጤ፣ ቂርያት ጋት ሄደች። አሽቀሎንና ቂርያት ጋት በአውቶቡስ ሰዓት አይሞላም፤ ግን በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልሄደችም። ጌጤ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ዛሬ አባት አስፈለጋችሁ? አስከልክላችሁ፣ አባርራችሁ?»

«የት እንዳለ ንገሪኝና እሄዳለሁ፣ አክስቴ።»

«የትም አትሄጂ። በረንዳው ላይ ነው።»

ደምሴ ሃያ ዓመት በኤላት ከተማ ሆቴል ቤት ሳህን ሲያጥብ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ነበር እህቱ ጋ የተጠጋው። ሸብቷል። ሲያያት ለመነሣት ወንበሩን ያዘ።

«ቁመትሽ እናትሽን መሰለ» አላት።

ስለ ሳጊ፣ ስለ ቆጠራው፣ ስለ ዓርብ ነገረችው። እስክትጨርስ አዳመጠ፤ እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር።

«ብቆጥርለት ደስ ይለኛል። ግን ታውቂ የለም? አንቺው ነሽ ያነበብሽልኝ። አሽቀሎን አይፈቀድልኝም።» ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ወረቀቱ ከእጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። «ምናልባት እስከ ሠርጉ የሚል ፈቃድ ካለ እይልኝ። ያንቺን ንባብ አምናለሁ።»

ኦርታል አልተቀበለችውም። መሬት ላይ፣ እግሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ያኔ ውሸት ነው ያነበብኩልህ።»

«ምን?»

«ሦስት ወር ነው የሚለው። ሦስት ወር ብቻ። እኔ ነኝ ለሁልጊዜ ያልኩህ።»

ደምሴ ወረቀቱን አየው፤ እንደማያነበው እያወቀ አየው።

«መቼ አለቀ?»

«በዚያው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ።»

«ጥቅምት» አለ። «እኔ እኮ ኅዳር ላይ ለስግድ በዓል ኢየሩሳሌም መጥቼ ነበር። አየኋችሁ። ሳጊ ቀይ ኮፍያ አድርጎ፣ የናቱን ነጠላ ይዞ ነበር። ሕግ እንዳልጥስ ብዬ ከዛፍ ኋላ ቆምኩ። ስትሄዱ ሄድኩ።»

ኦርታል ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እሱ ግን አልጮኸባትም፤ ቢጮኽባት ይቀላት ነበር።

«ሌላ ሰው ላስነብበው እችል ነበር» አለ በመጨረሻ። «አገሩ ሙሉ አንባቢ ነው። እንደ ሌባ በፖሊስ መወሰዴን ማን ይይልኝ ብዬ አፈርኩ። ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ክልክል ነው ማለት ሄጄ ሚስቴ እግር ላይ ከመውደቅ ቀለለኝ። እጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ልጅ ነበርሽ።»

ልትሄድ ስትነሣ እጇን ያዘ። «ዓርብ እመጣለሁ። ይሄን ነገር ግን ለናትሽ አትንገሪ፤ ለሳጊም። ጥሎ ሄደ መባሉን ለምጄዋለሁ። አንቺ ከነሱ ጋ ነው የምትኖሪው።»

አውቶቡሱ ውስጥ ሆና እፎይ አለች። እፎይ ማለቷን ባወቀች ጊዜ ደግሞ አፏ መረራት። አራት ቀን እናቷን ፊት ለፊት ማየት አቃታት። አባይነሽም «አመመሽ?» ከማለት በቀር አልጠየቀቻትም።

ዓርብ ጠዋት ሁሉም ተሰበሰበ። ሳጊ በያፊት ልመና መጥቶ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ቆሟል። ደረጃው ላይ ዘገም ያለ ኮቴ ተሰማ። አባይነሽ ከሁሉም ቀድማ አወቀችው፤ እጇ ወደ ሻሿ ሄደ። ደምሴ ከደጁ ቆመ፤ ወደ ውስጥ አላለፈም።

«ግባ» አለችው ሳታየው። «ደጅ የሚቆም ሰው አልወድም።»

ከመቀመጡ ሳጊ ከወጥ ቤት ወጣ። «ኧረ ሻሎም ካፒቴን! መርከቡ ዛሬ ቆመልህ?»

«ሳጊ!» አለች አባይነሽ።

«ተዪኝ፣ ኢማ። ልጠይቀው። ሃያ አንድ ዓመት! ስልክ የለም? አውቶቡስ የለም? የት ነበርክ?»

ደምሴ ወለሉን አየ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

«ዜሁ? በቃ፣ ይኸው ነው መልስህ?» ሳጊ ወደ በሩ ዞረ። «እንዲህ ያለ ሰው ቆጥሮልኝ አላገባም። ይቅር።»

ያፊት ከሶፋው ጫፍ ላይ ሆና፣ አመድ መስላ፣ ቀለበቷን በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ኦርታል ያን አየች። ቀለበቱ እስከ አንጓዋ ድረስ ወጥቷል።

«አባዬ፣ ወረቀቱን ስጠኝ።»

«ተዪው ልጄ።»

«ስጠኝ አልኩ!»

ላስቲኩን ፈታችው። መጀመሪያ በዕብራይስጥ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ አንድ ቃል ሳትዘል አነበበች። ለሦስት ወር። ሁለተኛ አነበበች። ለሦስት ወር። ከዚያ የፖስታ ሣጥኖቹ ጋ ያለችውን ተናገረች።

አባይነሽ ነበረች ቀድማ የተነፈሰችው።

«ሦስት ወሩ ያለቀ ለት፣ ኮቴ እያዳመጥኩ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ፣ እማዬ።»

«የሂሳብ ደብተር ይዘሽ።»

«አዎ።»

አባይነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሳጊ እህቱን እንደማያውቃት ሰው አያትና ወጣ። በሩ ተከፍቶ ቀረ፤ ኮቴው ደረጃውን እየተጣደፈ ሲወርድ ለሁሉም ተሰማ። ያፊት ከቦታዋ አልተነሣችም።

አባባ ቸሬ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ አሳረፉ። «እኛ የመጣነው ልንቆጥር ነው። ይቆጠር።»

ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ደምሴ፣ የታደገ ልጅ፣ ታደገ የባየህ...»

«አይደለም። ዘር ከልጅ ነው የሚጀመር። ከልጁ ጀምር።»

«ሳጊ» አለ ደምሴ። አጠገቡ ላለ እንኳ አልተሰማም።

«ጮክ በል እንጂ! ጆሮዬ ደክሟል።»

«ሳጊ!» አለ ደምሴ፤ ሰው ከሩቅ እንደሚጣራ። ድምፁ በተከፈተው በር ወጥቶ ደረጃውን ሞላው። የሚወርደው ኮቴ ቆመ።

«ሳጊ የደምሴ» አለ። «ደምሴ የታደገ። ታደገ የባየህ። ባየህ የይርጋ።» ኮቴው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች የሚሄደው፣ ማንም መለየት አልቻለም። «ይርጋ የተሰማ። ተሰማ የብሩ።»

ሰባቱ ሞላ። አባባ ቸሬ በጣታቸው ቆጥረው፣ የራሳቸውን ወገን ከጎኑ አሰልፈው፣ «አይገናኙም» አሉ። ሳጊ ያኔ በሩ ላይ ነበር፤ ትንፋሹ አጥሯል፣ ቁልፉ በእጁ ነው። ያፊትን አላያትም፣ እህቱንም አላያትም።

«አልሰማሁም» አለው ለአባቱ። «ከመጀመሪያው ቁጠር።»

ደምሴ እንደ ገና ከሳጊ ጀመረ። ያፊት ቀለበቷን ወደ ቦታው መለሰችው።

ሠርጉ በመጋቢት ተሠርጓል። ሳጊ ኦርታልን ከሠርጉም በኋላ ዐሥር ወር አላናገራትም፤ ሚስቱ ወንድ ልጅ በወለደች በሳምንቱ ግን የሐኪም ወረቀት ይዞ በሯ ላይ ቆመ፤ «አንብቢው» አላት፤ ሁለቴ አነበበችለት። አባይነሽ ኦርታልን ታናግራታለች፤ ስለ ምግብና ስለ ልብስ ብቻ። ደምሴንም ወደ ቤቷ አልመለሰችውም። ይቅር ብላዋለች ይባላል፤ አብሮ መኖር ግን ሌላ ነገር ነው።

ደምሴ ቂርያት ጋት፣ እህቱ ጌጤ ቤት ይኖራል። ዓርብ ዓርብ በጠዋቱ አውቶቡስ አሽቀሎን ይመጣና ማሪና፣ ጀልባዎቹ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ይቀመጣል። ባለፈው ዓርብ እዚያው ነበር፤ ሳጊም ልጁን ይዞ አጠገቡ ነበር።